ዝንብ የፈራው ዲያቆንና የጭንቅላት ቀዶ ሕክምና

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ ቢቸና ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ የሰጡኝ ክፍል የመወልወያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበር። «ሲስተር፣ ያንቺ ሰዎች ግቢውን እንዳይረብሹ ብቻ አድርጊ» አሉኝ። ባልዲዎቹን ራሴ አወጣኋቸው። ያን ቀን የያዘኝ ንዴት ወደ ሞጣ ስዛወርም አብሮኝ ሄደ።

ሞጣ ሳለሁ ነው ዲያቆን ላቀውን ታላቅ ወንድሙ አያሌው ይዞት የመጣው። ላቀው አፉን በነጠላው ሸፍኗል፤ አሁንም አሁንም ይተፋል። ቀዳሽ ቀድሶ እስኪወጣ ድረስ በአፉ ምንም እንዳይገባ መጠንቀቁ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። ላቀው ግን «ሳላውቅ ዝንብ ውጬ ይሆናል» የሚል ሐሳብ አልለቀው ብሎ ጉሮሮው እስኪደማ ይተፋ ነበር። መቅደስ ከገባ ከርሟል። ጎረቤቱ ደግሞ «እንዴት ያለ ጥንቁቅ ልጅ ነው!» እያለ ያደንቀዋል። በሽታውን ጽድቅ አደረጉለት።

አያሌው በስልኩ ቪዲዮ አሳየኝ፤ የተከፈተ ጭንቅላት ነው። «ከተማ ያለ የግል ክሊኒክ ወስደነው መድኃኒት እምቢ ብሎታል፣ የቀረው የጭንቅላት ቀዶ ሕክምና ነው አሉን። ውጭ አገር የሚወስድ ሰውም አገናኙን። በሬዎቹን ልንሸጥ ነው ሲስተር።»

«የትኛውን መድኃኒት ነው የወሰደው?»

ላቀው «ይህን ጨርሼ ተውኩት» ብሎ ከኪሱ አንድ ባዶ እሽግ አወጣ። ፍሉኦክሰቲን የሚባለው የጭንቀት መድኃኒት ነው፤ ያውም በትንሹ መጠን፣ ያውም ገና መሥራት ሳይጀምር የተቋረጠ። ደሜ ፈላ። ይህ አንድ ሐሳብ እየተመላለሰ የሚያስጨንቅበት ሕመም ከፍ ያለ መጠንና የወራት ትዕግሥት ይፈልጋል። የሚፈሩትን ነገር ቀስ በቀስ እየተጋፈጡ የሚለማመዱበት ሕክምና እንዳለ የነገረውም የለም።

ባሕር ዳር ላለ ስፔሻሊስት ደወልኩ። «ቀዶ ሕክምናው አለ» አለኝ። «ግን ሌላው ሁሉ በሚገባ ተሞክሮ ላልተሻለው፣ በጣም ለጠናበት ሰው ነው። ያንቺ ታካሚ ገና አልታከመም።»

ገና አልታከመም! አንድ ኪኒን በቅጡ ሳይሰጡት የራስ ቅሉን ሊያስበሱት! መድኃኒቱ እንዲገዛ ስጠይቅ የሞጣው አለቃዬ «ለአንድ ሰው ብዬ አላዝም» አሉ። በየቀኑ ቢሯቸው እየሄድኩ ነዘነዝኳቸው። በመጨረሻ ፈረሙ፤ ስለሰለቸኋቸው እንጂ ስለገባቸው አይደለም።

ልምምዱን ስንጀምር ላቀው ጠዋት ማታ ወደ ንስሐ አባቱ እንደሚሮጥ ደረስኩበት። «አባ፣ ገብቶ ይሆን?» ይላቸዋል። «አልገባም ልጄ» ሲሉት ያርፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ይመጣል። ቤታቸው ሄድኩ።

«አባ፣ ከእንግዲህ አይመልሱለት።»

«ልጄ ሲጨነቅ እያየሁ ዝም ልበለው? ኧረ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!»

«አልገባም ባሉት ቁጥር ሕመሙ ይብስበታል። አላውቅም ይበሉት።»

አባ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ግን እንዳልኩት አደረጉ።

የመድኃኒቱ መጠን ቀስ እያለ እየጨመረ ወራት አለፉ። ላቀው ሳይተፋ መዋል ለመደ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከወንድሙ ጋር ቤቴ መጣ። አፉን አልሸፈነም።

«ዛሬ ዝንብ ይግባ አይግባ አላውቅም ሲስተር» አለኝ። «ቀድሼ መጣሁ።»

አያሌው ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። እኔም ደስ አለኝ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ያ ክሊኒክ ዛሬም እየሠራ ነው።

ወጣት ባልደረቦቼ፣ መድኃኒት እምቢ ብሎታል ከማለታችሁ በፊት መድኃኒቱ በበቂ መጠን፣ ለበቂ ጊዜ መሰጠቱን ጠይቁ።