እስኪሽር የተቀመጠ ሳቅ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ከታመመ ሰው አልጋ ሥር ተቀምጬ ነው። አባቴ የጭነት ማኪና ሹፌር ነበር። አንጀቱ ላይ ዕጢ ተገኝቶበት በቀዶ ጥገና ወጣለትና ፀዳ ከተማ ወዳለው ቤታችን ተመለሰ። ሆስፒታል ሳለ የቤተሰቡ ጭንቀት ሁሉ ፈስ ነበር። አንጀቱ ሥራ መጀመሩ የሚታወቀው በዚያ ነው ስለተባለ፣ በሌላ ጊዜ ስሙን ብጠራ የምትቆነጥጠኝ እናቴ ጠዋት ማታ «ወጣልህ ወይ?» ትለው ነበር። የወጣለት ዕለትማ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ቤት ከገባ በኋላ የሚፈራው ስፌቱ ነበር። ሲያስለው ትራስ ሆዱ ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ከአልጋው የሚነሣው በጎኑ ተንከባሎ ነው፤ የሚቀምሰውም ቀጭን አጥሚት ብቻ። ያ የጭነት ማኪና ጎማ ብቻውን የሚፈታ ሰው፣ እስከ በሩ ደርሶ ሲመለስ በላብ ይጠመቅ ነበር። ያንን ማየት እፈራ ነበር።

ሊያስታምመው ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣው ታላቅ ወንድሙ አያ ሞላ ነው፤ ፊቱ የማይፈታ፣ ሳይስቅ የሚያስቅ ገበሬ። ያኔ መብራት በየምሽቱ ይጠፋ ስለነበር፣ የከሰሉን ምድጃ ወደ አልጋው ጠጋ አድርጎ፣ ኩራዝ ለኩሶ፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው ተረቱን ይጀምርልናል። ችግሩ የአያ ሞላ ተረት ሁሉ የሚያስቅ መሆኑ ነው፤ ሳቅ ደግሞ ለስፌት አይበጅም። ስለዚህ የሚያስቀው ቦታ ሲደርስ ቀጥ ይላል።

ጅብ መንኩሶ አህያን የንስሐ አባት ያደረገበት ተረት ነበረው። አህያው እየተንቀጠቀጠ፣ «ልጄ፣ ንስሐህ እኔን ስታይ ዓይንህን መጨፈን ነው» አለው። ጅቡም እጅ ነሥቶ... ሲል አያ ሞላ ከሰሉን መቆስቆስ ይጀምራል።

«ምነው አያ፣ ጨርሰው እንጂ» ይለዋል አባቴ።

«ስትሽር። ስንት የተለፋበት ሆድ ለጅብ ተብሎ አይቀደድም።»

እኔም መጨረሻውን ለመስማት ስል አባቴ ቶሎ እንዲድን እጸልይ ነበር። የልጅ ጸሎት እንዲህ ነው።

የወጣው ዕጢ ለምርመራ ተልኮ ኖሮ፣ አንድ ቀን እናቴና አያ ሞላ ውጤቱን ሊሰሙ ሄዱ። ሲመለሱ እናቴ ነጠላዋን ሳታወርድ ጓዳ ገባች። አያ ሞላ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ «ደህና ነው ብለዋል» አለ። መሸት ሲል፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ያንኑ ተረት ከመጀመሪያው አነሣ፤ የሚያቆምበት ቦታ ሲደርስም አላቆመም።

«ጅቡም እጅ ነሥቶ፣ ‹ዓይኔንስ እጨፍናለሁ አባቴ፤ አፍንጫዬን ግን እርስዎ ቀረብ ብለው ይያዙልኝ› አለው።»

አባቴ ሳቀ። ትራሱን ሆዱ ላይ ጭኖ፣ እያቃሰተ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ዳነልኝ ብዬ እየዘለልኩ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ በረደለትና ወንድሙን ትክ ብሎ አየው። አያ ሞላ ከከሰሉ ላይ ዓይኑን አላነሣም።

«አያ» አለ አባቴ ቀስ ብሎ፣ «ሌላም ያስቀመጥከው አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው አምጣው። ሁሉንም።»

በዚያ ምሽትና በተከተሉት ምሽቶች ሁሉንም ነገረው። እኔ በማግስቱ ትምህርት ቤት «አባቴ ዳነ» ብዬ ለጓደኞቼ አውርቻለሁ። እውነትም ስፌቱ ሸጋ ሆኖ ገጥሞ ነበር። አባቴን የወሰደው ውስጥ ውስጡን ተሰራጭቶ ሳይወጣ የቀረው ዕጢ ነው፤ ክረምቱ ሳያልቅ ቀበርነው።

አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ የታመመ ልጠይቅ ስሄድ፣ ሐኪሙ «እንግዲህ ያሻውን ይብላ» ሲላቸው የዳነ መስሏቸው ደስ ብሏቸው የሚያመሰግኑ ቤተሰቦች ያጋጥሙኛል። ምን እላቸዋለሁ? ከመካከላቸው ልጅ ካለና ደስ ብሎት ሲስቅ ካየሁ ግን ተሰናብቼ እወጣለሁ።