ለመስኮት የተሰፋ ትራስ

ሰፈሩ «አባ ውርጭ» ይለዋል። ስሙ ሌላ ነው፤ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሥጋ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ የሠራን ሰው ሌላ ምን ብለው ይጥሩት? ጠዋት ጥጥ የተሞላ ካፖርቱን፣ ድርብ ካልሲውንና የጆሮ ቆቡን ለብሶ ይገባል። ውጭ ፀሐይ አናት እየበሳች፣ እሱ ከወፍራሙ የብረት በር ጀርባ በረዶ ከሆነ ሥጋ ጋር ይውላል። ሠራተኞቹ ቦታውን «ብርድ ቤት» ይሉታል። ማታ ሲወጣ ቅንድቡ ላይ ያለው ውርጭ እየቀለጠ በጉንጩ ስለሚወርድ፣ አውቶቡስ ውስጥ የማያውቁት ሰዎች ያለቀሰ ይመስላቸው ነበር። እሱ ግን የሚያለቅስ ዓይነት ሰው አይደለም። ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ ማውራትም ባላስፈለገኝ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ በር ላይ ትጠብቀዋለች። ልብስ ሰፊ ናት። ሰላም እንኳ ሳትለው ሁለት እጆቹን ይዛ ብብቷ ውስጥ ትከታቸዋለች። «እግዚኦ! ዛሬስ አጥንቴ ድረስ ገባ!» ትላለች፣ እየሳቀችም እየተንቀጠቀጠችም። ጣቶቹ ማንኪያ መያዝ እስኪችሉ ድረስ አትለቃቸውም። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲሁ ሆነ። አንድ ቀን እንኳ «አመሰግናለሁ» ብሏት አያውቅም፤ የቤቱንስ በር ማን ያመሰግናል?

ከስፌት መኪናዋ በላይ አንድ ያረጀ ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ዓመቱ ካለፈ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እሷ ግን ለፎቶው ስትል አላነሳችውም። ፎቶው ላይ ሰማያዊ የበረዶ ተራራ ከባሕር ዳር ቆሟል፤ ከሥሩ አንዲት ነጭ መርከብ ታልፋለች። የመርከቧ መስኮቶች መርፌ የወጋቸው ያህል ትንንሽ ናቸው።

«ከእነዚህ መስኮቶች አንዱ ጋ ቁጭ ብዬ፣ አንዲት ቀን ብቻ» ትል ነበር።

«በረዶ ካማረሽ ነገ ብርድ ቤት ልውሰድሽ» ይላታል አባ ውርጭ። «ያውም በነፃ።»

ትስቃለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የምትስቀው ከልቧ ነበር። ኋላ ኋላ ግን፣ ሲቀልድ ሰው ሲስቅለት ደስ ስለሚለው ነው። ጠንከር አድርጋ የጠየቀችው ቀን ደግሞ «ጡረታ ስወጣ» ይላታል፤ ጡረታ እንደሆነ ሁሉም ነገር የሚጫንበት አህያ ነው።

ዓይኗ መጀመሪያ የከዳት በጎን በኩል ነው። ደንበኛ ከጎኗ ቆሞ ሲያናግራት ትደነግጥ ጀመር። ቀጥሎ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃታት። «እስቲ አስገባልኝ» ብላ ብትሰጠው፣ የእሱን ጣቶች ብርድ በልቷቸዋልና መርፌውን መያዙ እንኳ አይታወቀውም። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይታችኋል አለ። አባ ውርጭ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ለእሷ የቀራት ብርሃንን ከጨለማ መለየት ብቻ ሆነ።

ጉዞው ትዝ ያለው ይኼኔ ነው። ደግነት አልነበረም፤ ወይም ደግነት ብቻ አልነበረም። እሷ ያንን ቀን መቁጠሪያ ባታየውም፣ እሱ ግን በበላና በጠጣ ቁጥር ይፋጠጠዋል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጉርሻውን ሰሃኑ ላይ መለሰና «እንሂድ በቃ» አላት።

«አሁን?» አለች። ወዲያውም፣ ሐሳቡን እንዳይለውጥ የፈራች ይመስል ተቻኮለች፤ «እሺ። ብቻ መስኮት ያለው ክፍል ይሁን።»

የጉዞ ወኪሏ ወጣት ሴት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ ብሮሸር ከምራ፣ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እነሱ አዞረችላቸው። «የመጀመሪያችሁ ነው? እንግዲያው ትልቋ መርከብ አትናወጥም፤ ትንሿ ደግሞ በረዶው ሥር ድረስ ትጠጋለች።»

«ማሞቂያዋ እንዴት ነው?» አለ አባ ውርጭ።

«በረዶው ሲሰበር ይሰማል?» አለች ሚስቱ።

«በትንሿ ይሰማል፣ እናቴ። እንደ ነጎድጓድ ነው ይላሉ።»

«ምግብ ቤቷስ ይሞቃል?» አለ እሱ።

በረዶው ሥር የምትጠጋዋን ትንሿን መርከብ ሚስቱ መረጠች። ቀጥሎ የክፍሎቹ ፕላን ስክሪኑ ላይ መጣ። «በግራና በቀኝ ዳር ያሉት መስኮት አላቸው» አለች ወኪሏ። «እውነቱን ልንገራችሁ፣ መስኮቱ ጋ ትንሽ ይበርዳል። የመሃሎቹ ሞቃት ናቸው፤ ግን ግድግዳ ብቻ ናቸው።»

«የዳሩን» አለች ሚስቱ፣ ወኪሏ ሳትጨርስ።

«የዳሩን ነው እንጂ!» አለ አባ ውርጭ ጮክ ብሎ። ጣቱን ግን ስክሪኑ ላይ፣ መሃለኛው ረድፍ ላይ አሳረፈ።

ወኪሏ ጣቱን አየች፣ ከዚያ ፊቱን። እሱ መዳፉን ዓይኑ ፊት ወዲያ ወዲህ አወዛወዘና በአገጩ ወደ ሚስቱ ጠቆመ፤ ከዚያ በብርድ የሚጠዘጥዘውን ጉልበቱን ሁለቴ መታ መታ አደረገ። ሚስቱ ፈገግ ብላለች፤ ፈገግታዋ ወኪሏን ስቶ ጥግ ላይ ወደሚንጫጫው ማተሚያ ማሽን ዞሯል። ወኪሏ ከንፈሯን ነከሰችና አዝራሩን ተጫነች።

ለማታይ ሰው መስኮት ምን ያደርግላታል? ለራሱ ያቀረበው ምክንያት ይኼ ነው። የዋጋው ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ጉልበቱ ነው ነገሩ፤ ከእንግዲህ አንዲት ሌሊት እንኳ ብርድ አጠገብ አልተኛም ብሎ ምሏል። በግልጽ ቢነግራት እኮ «እሺ፣ አንተ ብቻ እንዳትታመም» ብላ ትተውለት ነበር። ይህንንም አሳምሮ ያውቃል። ግን ያኔ ውለታ ሊሆንበት ነው። ውለታ ከመሸከም መስረቅ ቀለለው።

ጉዞው እስኪደርስ በቀሩት ሁለት ወራት ሚስቱ ትራስ ሰፋች። ትንሽ ትራስ ናት፣ መስኮቱ ጋ ስትቀመጥ ክርኗን የምታሳርፍባት። ክሩን ጎረቤት እያስገባላት፣ ጨርቁን በጣቷ እየዳበሰች፣ መርፌው ሲወጋት ጣቷን እየመጠጠች፣ ሁለቱንም ወር ፈጀችባት። ጎረቤት በመጣ ቁጥር «የመስኮቴ ናት» እያለች ታስነካለች። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የአባ ውርጭ ዓይን ሁሉንም አየ፣ ልቡ ግን ችሎት አልተቀመጠም።

ሊሄዱ ሳምንት ሲቀራቸው ስልክ ተደወለ፤ ወኪሏ ናት።

«አባቴ፣ አንድ መስኮት ያለው ክፍል ተለቋል። ጭማሪ የለውም። ልቀይርልዎት?» ድምፅዋ የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር።

ሚስቱ በሚቀጥለው ክፍል የትራሷን ጠርዝ እየዘመዘመች ነው።

«ይቅር» አለ ቀስ ብሎ።

«ማን ነው?» አለች ሚስቱ።

«ተሳስተው ነው።»

መርከቧ ላይ የክፍላቸው በር ሲከፈት ሙቀቱ ተቀበለው፤ ጉልበቱም እፎይ አለ። ባዶው ግድግዳ ላይ መስኮት እንዲመስል መጋረጃ ተሰቅሎ፣ ከኋላው መብራት በርቷል። ከሥሩ ትንሽ መደርደሪያ አለች።

«መስኮቱ ይኸውልሽ» አላት።

ፊቷን ወደ መብራቱ አዞረች። «ይታየኛል! ብርሃኑ ይታየኛል!» ትራሷን መደርደሪያው ላይ አድርጋ ክርኗን አሳረፈችባት። ሁለት ቀን ከዚያ አልተነሳችም ማለት ይቻላል። እጇን ወደ መጋረጃው ስትሰድ «ተዪው፣ ይበርድሻል» ይላታል። «ምን ይታያል?» ስትለው «ባሕር ነው፤ አሁን ደግሞ ወፍ» ይላታል። በመኝታ ሰዓት ማብሪያ ማጥፊያውን ይጫንና «መሸ»፣ ሲነሱ ደግሞ ይጫንና «ነጋ»። አምላክ እንኳ እንዲህ ያለ ሥልጣን ሲይዝ ከዚህ ሰው የበለጠ ሳይፈራ አይቀርም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ድምፅ ማጉያው «በግራ በኩል የበረዶው ግግር ይታያል» አለ። በኮሪደሩ የሰው ኮቴ ተተራመሰ።

«ደረስን እኮ! ምን ይመስላል?» አለች።

«ያው… ነጭ ነው።»

«እንደ ቀን መቁጠሪያዬ ሰማያዊ አይደለም?»

«ሰማያዊም አለው።»

ይኼኔ የሆነ ነገር እንደ ሩቅ ነጎድጓድ አጉረመረመ፣ ሰዎችም ጮኹ። ድምፁ የመጣው ከበሩ በኩል ነው። ሚስቱ ራሷን ወደ በሩ አዞረች፤ ከዚያ ወደ መብራቱ። እጇን መጋረጃው ውስጥ ከተተች። እሱ «ተዪው» ለማለት አልደረሰም። መዳፏን ዘርግታ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ዳበሰችው።

«ይሞቃል» አለች።

«አንቺ እኮ… የማታዪ ስለሆንሽ… ምን ለውጥ ያመጣል ብዬ…»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ብርዱን ከእጅህ የተቀበልኩት በዓይኔ ነበር እንዴ?»

አልጮኸችም። ተነስታ የተሰቀሉትን ልብሶቹን ዳበሰችና የብርድ ቤት ካፖርቱን አግኝታ ለበሰች፤ የጆሮ ቆቡንም ደፋች። በሩን ከፍታ ኮሪደር የምታጸዳውን ሴት ጠራች።

«እህቴ፣ በረዶው ወዳለበት ታደርሺኛለሽ?»

«ምን ችግር አለው፣ ይያዙኝ።»

«ልምጣ?» አለ አባ ውርጭ ግማሽ ተነስቶ።

«ጉልበትህን ያምሃል» አለችው፤ በሩም ተዘጋ።

ካፖርት ሳይኖረው፣ ወደ ውጭ ሊወጣ ሳይደፍር፣ ትራሷን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ስፌቱ አልፎ አልፎ ተዛንፏል፤ አንድ ቦታ ላይ የደረቀ የደም ነጥብ አለ። ሁለት ወር ሙሉ አጠገቡ ስትሰፋ ይህን ነጥብ ልብ አላለውም ነበር። አፈረ፤ ማፈሩን የሚያይለት ሰው ግን ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ ተመለሰች። ጉንጯ ቀልቷል፣ ቅንድቧ ላይ ውርጭ አለ። ሁለት እጆቿ ደርቀው ጣቶቿ አይታጠፉም። አባ ውርጭ ዘሎ ተነሳ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እጆቿን ይዞ ወደ ብብቱ ወሰዳቸው።

ሚስቱ ቀስ ብላ አስለቀቀችው።

«አታሙቀው» አለች። «ያየሁት ብርዱን ነው።»

ከአልጋው ጫፍ፣ ጀርባዋን ለመብራቱ ሰጥታ ተቀመጠች፤ እጆቿንም ከሙቀቱ ለማሸሽ ገና ውርጭ ባልለቀቀው ካፖርት ኪስ ውስጥ ደበቀቻቸው።