የከሰል መኪናው ፍሬን የወይዘሮ ዘነበች እንሰት ነው

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት አክስቴን ላመጣ ነው። አክስቴ አስካለ የአገና ነዋሪ ናት፤ ዓይኗን ሞራ ሸፍኖት ሰውን በድምፁ መለየት ከጀመረች ቆይታለች። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያዝኩላትና ፊደል ከምለቅምበት ማተሚያ ቤት ጥቂት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ከዚህ ጉዞ ደስ የሚል ማስታወሻ ይወጣል ብዬ ነበር። የወጣው ንዴት ነው፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝና እንዳለ አቀርበዋለሁ።

ወልቂጤ

ከመርካቶ የተሳፈርኩበት አውቶብስ በጅማ መንገድ ወሊሶን አልፎ ወልቂጤ ያደረሰን ከምሳ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ መንገዱ የሚያስወቅስ አልነበረም። ዝናቡ ቢያባራም ጭቃው ገና ስላልደረቀ ወደ አገና የሚወጣ አውቶብስ የለም ተባልኩ። የጃንሆይ ፎቶ ከተሰቀለበት ሻይ ቤት ገብቼ ፓስቲ በሻይ እያጣጣምኩ ምን ይሻለኛል ስል፣ አሳላፊው በአገጩ ውጭ የቆመ የጭነት መኪና አሳየኝ። ባዶውን ወጥቶ ከሰል ጭኖ የሚመለስ ነው።

ሾፌሩ ሸምሱ ይባላል፤ የቡታጅራ ሰው፣ ጎልማሳ፣ ነገሩን ሁሉ በቀልድ የሚጀምር። ሰላምታ ተለዋውጠን ጋቢና አስገባኝ። መኪናው ጣሊያን ጥሎት የሄደ ይመስላል፤ በሩ የሚዘጋው በገመድ ነው። ከከተማው እንደወጣን አንዲት ላም መንገድ አቋረጠችና ሸምሱ ፍሬኑን ደጋግሞ ሲረግጥ አየሁት። መኪናው የቆመው ላሟ ካለፈች በኋላ ነው።

«ይሄ ፍሬን እንደ ሽማግሌ ነው» አለኝ፣ «ሁለት ሦስቴ ካልለመንከው አይሰማም።»

ሳቅኩ። ያን ጊዜ መሳቄ አሁን ያናድደኛል።

ዳገቱ

ቸሃን አልፈን ወደ አገና የሚወስደው ዳገት ሲጀምር መሳቅ ተውኩ። መንገዱ በአንድ በኩል ገደል ነው፣ በሌላው በኩል ቀይ አፈር። የአካባቢው ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ፣ በዶማና በአካፋ እየተፈራረቀ የቆረጠው መንገድ ነው። ለአውቶብስና ለገበያተኛ ብለው የሠሩትን የከሰል መኪና አርሶት፣ የጎማው ቦይ እስከ ጉልበት ያስገባል።

ከዳገቱ ወገብ ላይ መንገዱ እንደ ክርን ይታጠፋል። ከመታጠፊያው በታች ገደል የለም፤ ያለው ሰፊ የእንሰት ጓሮ ነው። ሸምሱ እዚያ ሲደርስ ጡሩንባ ነፋ። አንዲት ቀጭን ሴትዮ ከእንሰቱ መሐል ቀና አሉ፤ ሸምሱ ወርዶ በጨርቅ የተቋጠረ ጨው ሰጣቸውና ተመለሰ። ዘመድህ ናቸው ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

አይደሉም። ወይዘሮ ዘነበች ይባላሉ፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ በዚያ እንሰት የሚኖሩ ናቸው። ሸምሱ እንዳጫወተኝ፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ያለው ሾፌር ሁሉ መሪውን የሚጠመዝዘው ወደ እሳቸው ጓሮ ነው። የእንሰት ግንድ ለስላሳ ነው፣ አፈሩም በፍግ የራሰ ነው፤ መኪናውን ውጦ ያስቀረዋል። ሾፌሮች ቦታውን «ትልቁ ፍሬን» ይሉታል። ጨው የሚያመጡላቸው እያፈሩ ነው።

ባለመኪናው ይህን ያውቃል ወይ አልኩት። ማወቁንስ ያውቃል፣ አለኝ ሸምሱ። የፍሬን ሸራው አልቋልና ይቀየር ባለው ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ እስከዛሬ ማን ሞተ?

አገና

አክስቴ በድምፄ ለየችኝና እስኪበቃት ሳመችኝ። ቆጮ በአይብና በጎመን አቀረበችልኝ፤ ምን ያህል እንደበላሁ ስለማይታያት ደግማ ደጋግማ ጨመረችልኝ። ዋናው መንገድ ድረስ በበቅሎ እንሂድ አልኳት። የምትረግጠውን ሳላይ በቅሎ ላይ አልቀመጥም ብላ መኪናውን መረጠች። ሌላ መኪና አልነበረም።

ቁልቁለቱ

በማግስቱ ከሰሉ እስከ ሰማይ ተጫነ። ረዳቱ ከላይ ጆንያ ላይ ወጣ፤ እኛ ሦስታችን ጋቢና ገባን። ሸምሱ በከባድ ማርሽ ቀስ እያለ ነበር የሚወርደው፤ ስለ እሱ ይህን መመስከር ይገባኛል። ከመታጠፊያው በላይ ሲደርስ ፍሬኑን ረገጠ። ደገመ። ሠለሰ። ፔዳሉ ወለል ድረስ ወረደና እዚያው ቀረ። የሞተሩ ጩኸት ጨመረ፣ ከሰሉ ከኋላ ይገፋናል፣ የሸምሱ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል።

አክስቴ «ምነው ዝም አላችሁ?» አለች።

ሸምሱ ቢስሚላህ ብሎ መሪውን ወደ እንሰቱ ጠመዘዘው።

ትልልቆቹ ቅጠሎች መስታወቱን ሸፈኑት፤ ጨለመብን። ግንዶቹ እየተሰበሩ ውሃቸው ጋቢናው ውስጥ ድረስ ተረጨ፤ ከዚያ ቆምን። ረዳቱ ፍግ ላይ ወድቆ ክንዱ ተላልጧል እንጂ ደህና ነው። አክስቴ አንድም ነገር አልሆነችም። ከጋቢናው ወርጄ ወደ ኋላ ሳይ፣ የመጣንበት መስመር በጥቁር ከሰልና በነጭ የእንሰት ሥጋ ተሞልቷል።

ወይዘሮ ዘነበች መጥተው በመጀመሪያ የጠየቁት የሞተ ሰው እንዳለ ነው። እንደሌለ ሲያውቁ ብቻ ዞረው እንሰቱን አዩ። ጎረቤት ሴቶች ወዲያው ተሰብስበው የተሰበረውን ይፍቁ ጀመር፤ ግን አብዛኛው ገና ያልደረሰ ነበር፣ ያልደረሰ እንሰት ቢፋቅ ከውሃ በቀር ምን ይወጣዋል? ያን ምሽት ያደርነው ቤታቸው ነው። ራት ያበሉን ከቀረቻቸው ቆጮ ነው። ገና ሳልጀምር በቃኝ አልኩ፤ አክስቴ ግን አለመብላት ሌላ ስድብ ነው ብላ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ጀፎረው ላይ

የመንደሩ ሽማግሌዎች ወልቂጤ ሰው ልከው ባለመኪናውን አስጠሩት። እስኪመጣ ድረስ መኪናውን የሚነካ እንዳይኖር አዘዙ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ካፖርት ደርቦ በጂፕ ደረሰ፤ ጂፑን ከዳገቱ ግርጌ አቁሞ በእግሩ ነው የወጣው። ጀፎረ በሚሉት የመንደሩ ሰፊ ሜዳ ላይ ተቀመጥን።

ባለመኪናው ለሴትየዋ አዝናለሁ አለ። ቀጥሎ ግን ፍሬኑ ደህና ነው፣ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው፣ ፖሊስ ይወስደዋል፣ መንጃ ፈቃዱም ይነጠቃል አለ። ሸምሱ መሬት መሬት ያያል። ደሜ ፈላ፤ ልናገር ስነሳ ከጎኔ የነበሩ ሽማግሌ ጋቢዬን ይዘው አስቀመጡኝ። አቶ ወልዴ ይባላሉ፤ ሸንጎውን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ።

አቶ ወልዴ ካሳው በኋላ ይታያል አሉ። ከዚያ ረጋ ብለው ባለመኪናውን ጠየቁት።

«ፍሬኑ ደህና ነው አልክ?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው መኪናውን ጎረምሶቹ አሁን አውጥተው መንገድ ላይ ያቆሙልሃል። ከሰሉንም መልሰው ይጭኑልሃል። አንተ ጋቢና ትገባለህ፣ ከዚህ ከዳገቱ ግርጌ እስካለው ወንዝ ድረስ ከሾፌርህ ጋር ትወርዳለህ። በሰላም ከደረስክ ጥፋቱ የሸምሱ ነው፣ እኛው ራሳችን ለፖሊስ እናስረክበዋለን።»

ባለመኪናው ቁልቁለቱን አየ። መኪናውን አየ። ሕዝቡ ሁሉ እሱን ያያል። አክስቴ እንኳ ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ ትጠብቃለች።

«መጀመሪያ... መካኒክ ይየው» አለ።

ማንም አልሳቀም። አቶ ወልዴ መርቀው ተነሱ፤ ፍርዱ ከራሱ ከባለመኪናው አፍ ወጥቷልና የሚጨመርበት አልነበረም። ሸምሱ ነጻ ወጣ፣ ካሳውም ተቆረጠ፣ መኪናው ደግሞ ሸራው እስኪቀየር እንዳይነሳ ተወሰነ። ለዚያ መኪና ነው እንግዲህ። በዚያው ቀን ሌላ የከሰል መኪና፣ የሌላ ጌታ፣ ፍሬኑን እየለመነ ሲወርድ አይተነዋል።

አዲስ አበባ

ዋናው መንገድ ድረስ የወረድነው በበቅሎ ነው፤ አክስቴም ስለ በቅሎ የተናገረችውን አላነሳችም። አሁን ዓይኗን ታክማ የአንዱን ሞራ አንስተውላታል፤ ስለከሳሁ ታዝንልኛለች።

እኔ ግን ከሰል ሻጭ በራችን ላይ በጮኸ ቁጥር እበግናለሁ። አዲስ አበባ ወጧን የምታበስልበት እሳት የአንዲት መበለት ጓሮ ላይ እየተንከባለለ እንደሚመጣ ስንቶቻችን እናውቃለን? ባለሀብት ለሸራ የሚያወጣውን ወጪ ሴትየዋ በእንሰት ትከፍልለታለች። ሾፌሩ በነፍሱ ይወራረዳል። ይህን ዕድል የሚል ሰው ካለ እኔ አልሰማውም።

ስንለያይ ወይዘሮ ዘነበች የተሰበረውን አንስተው በዚያው ቦታ ችግኝ ለመትከል ይቆፍሩ ነበር። እንሰቱን ከመታጠፊያው ራቅ አድርገው፣ ከቤቱ ጀርባ ቢተክሉት ይሻላል ብዬ መከርኳቸው። ብልህ የመከርኩ መስሎኝ ነበር። መቆፈሪያቸውን ተደግፈው አዩኝ።

«እስኪያድግ ስንት ዓመት ነው፤ እሱው ያሳስበኛል» አሉኝ። «እስከዚያ የሚወርደው ሰው ምን ላይ ይቁም?»