ማሽኑ የዘገየበት ሰሞን

ያን ጊዜ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ጓዳ በምታህል ክፍል አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ነበረን። ውስጡ ቨርቹዋል ማሽን የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር የሚሠሩ ሁለት ሥርዓቶች ጭኜበታለሁ። አንዱ የታካሚዎችን ካርድ ይይዛል፤ ሌላውን ጎረቤታችን ላለው ማሠልጠኛ ለልምምድ ሰጥተነዋል።

አንድ ጠዋት ማስጠንቀቂያ አነበብኩ። ሁለቱ ማሽኖች የሚጋሩት አንድ ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩን አንጎል ነው፤ በአንዱ ውስጥ ያለ ሰው ምንም ቁልፍ ሳይሰብር፣ ፕሮሰሰሩ የት እንደፈጠነና የት እንደዘገየ ብቻ እየለካ፣ ዋናው ኮምፒውተርና ሌላው ማሽን የያዙት ምስጢር ላይ ሊደርስ ይችላል። ወዲያው የዋናውን ኮምፒውተር ሲስተም አደስኩ። ፕሮሰሰሩ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ሲዞር የቀረውን ርዝራዥ እንዲያጠፋ፣ ሁለት ሥራም ጎን ለጎን እንዳይዝ አደረግኩ። ፍጥነቱ ወደቀ።

ከውጫሌ በማለዳ አውቶቡስ የመጡ ሰዎች ካርድ ክፍሉ በር ላይ ተኮለኮሉ። ኃላፊያችን አስጠሩኝ።

«የገበሬ ካርድ ማን ይሰልላል? እንደነበረው መልሰው» አሉኝ።

ልመልሰው እየሄድኩ ሳለ ካርድ ክፍል ጎራ አልኩ። እዚያ የሚሠሩት ሴትዮ የእናቴ እኩያ ናቸው። ይቅርታ ጠይቄ ለምን እንዳዘገየሁት ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ በሩን ገርበብ አደረጉት።

«እዚያ ውስጥ የኔም ካርድ አለ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መድኃኒት ከጀመርኩ ቆየሁ። ልጆቼ አያውቁም። ኢንሻአላህ እኔው እነግራቸዋለሁ፤ ከሌላ ሰው እንዲሰሙት ግን አልሻም።»

ኃላፊያችን አዘውኝ ልመልሰው እየሄድኩ እንደነበር ነገርኳቸው።

«እንዳለ ተወው ልጄ። ሰዉን እኔ አጫውተዋለሁ። አብሽር።»

ኃላፊያችንን የሴትዮዋን ነገር ሳላነሳ ጥቂት ሳምንት እንዲታገሡኝ ለመንኳቸው። እያጉረመረሙ ፈቀዱ። ሴትዮዋም እንዳሉት አደረጉ፤ ካርዱ እስኪከፈት የአንዱን አዝመራ፣ የሌላዋን አራስ ልጅ ይጠይቃሉ። እኔ ደግሞ ከተጣሉት ኮምፒውተሮች መሀል አንዱን ጠግኜ የማሠልጠኛውን ማሽን ብቻውን ወደዚያ አዛወርኩት። ካርዶቹ ያለ ጎረቤት ስለቀሩ ፕሮሰሰሩን እንደገና ሁለት ሥራ ጎን ለጎን እንዲይዝ ፈቀድኩለት።

በማግስቱ የመጀመሪያዋ ታካሚ ስሟን ከመናገሯ ካርዷ ተከፈተ። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምነው ተጣደፍክ? ገና ጤናዋን መች ጠየቅኋት» አሉኝ ፈገግ ብለው። ከዚያ ወደሷ ዞረው ጠየቋት።