በካውያ ሳጥን ላይ ያለችው እህቴ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ተቀንሶ ምን ይወጣዋል? ይህን ጥያቄ ለስንት ዘመን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ተማሪዎቼን አፋጥጫቸዋለሁ። እነሱም ይገለብጡታል፣ ደወል ይደወላል፣ ሁላችንም ወደ ምሳችን እንሄዳለን። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደወል የሚደውልልኝ የለም፤ ጥያቄው ከእኔ ጋር ይውላል፣ ከእኔ ጋር ያመሻል። ታላቅ እህቴ ከሞተች በኋላ ደግሞ ጠባዩ ከፋ። ድሮ በትሕትና ነበር የሚጠይቀኝ፤ አሁን ኮሌታዬን ይዞ ነው።

እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ ዕቃ ስትሰብር ኖረች። እንጀራዋ ይኸው ነበር። ሐኪም ያዳነውን ሰው መንገድ ላይ ያገኘዋል፤ ሰውየው «ዶክተር!» ብሎ እጁን ይጨብጠዋል። በእህቴ ምክንያት ሳይቃጠል የቀረ ቤት ግን ሳይቃጠል መቅረቱን አያውቅም። ውስጡ ያሉት ሰዎች ልብሳቸውን ተኩሰው፣ ለብሰው፣ በሩን ቆልፈው ይወጣሉ። ያልተነሳ እሳት ማን ይቆጥራል?

የሙያ ትምህርት ቤት ገብታ ኤሌክትሪክ ተማረች፤ ከዚያ የሸማቾች መጽሔት ቀጠራት። መጽሔቱ ፎቅ ላይ ነበር፤ የእሷ ክፍል ከምድር በታች፣ ቀድሞ የጎማ መጋዘን በነበረው ነው። መስኮት የለውም። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የአሸዋ ባልዲ፣ ከአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ሞተር ራሷ የገጣጠመችው ማሽን። ማሽኑ የካውያ ገመድ ነክሶ ይይዝና ቀኑን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ያጥፈዋል፤ ገመዱ እስኪበጠስ። ካውያውን ደግሞ ታግላለች፣ ታቀዘቅዛለች፣ እንደገና ታግላለች፣ ከመተኮሻ ጠረጴዛ ላይ ትጥለዋለች። ማታ ቤት ስትገባ የተቃጠለ ፕላስቲክ ትሸታለች። እናታችን አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ «አንቺን ከእሳት አደጋ ሠራተኛ በቀር የሚያገባሽ አይኖርም» ትላት ነበር። ማንም አላገባትም፤ እሷም ከምሯ አልጠበቀችም። በመሥሪያ ቤቱ ስሟ «ሰባሪዋ» ሆነ፤ በኋላ አንባቢውም በዚሁ አወቃት።

ደንቡ አንድ ነበር። ከፋብሪካ ዕቃ አይቀበሉም። ማንም ከሚገዛበት ሱቅ፣ እንደ ማንም ይገዛሉ፤ ባለሱቁ እጁ የደረሰበትን አውርዶ በፌስታል አድርጎ ይሰጣል። ፌስታሉም ከዕቃው ጋር ጠረጴዛዋ ላይ መቅረብ አለበት። «ያለ ፌስታል የመጣ ዕቃ እንግዳ ነው» ትለኝ ነበር፤ «እንግዳ ደግሞ እውነተኛ ጠባዩን አያሳይም።»

ባለሱቆች ፊቷን መለየት ሲጀምሩና ደህና ደህናውን ከጓዳ ሲያወጡላት፣ ግዢውን ለአክስታችን ሰጠች። አክስታችን ግን ሳይመርጡ መግዛት የሚባል ነገር በሕይወቷ አታውቅም። ሱቁን ሙሉ አስወርዳ፣ እያንዳንዱን አገላብጣ፣ ባለሱቁን አስለቅሳ፣ ምርጡን ይዛ ትመጣለች።

«አክስቴ፣ አትምረጪ አላልኩሽም?»

«ሳልመርጥማ እንዴት ልግዛ? ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔ የምፈልገው መጀመሪያ የሰጠሽን ነው!»

«የመጀመሪያውማ ጭረት አለው።»

«ጭረቱን ነው የምፈልገው!»

አክስታችን ወደ እኔ ዞራ፣ «ይቺን ልጅ ሐኪም ዘንድ ወስደህ አሳያት፤ ደህና አይደለችም» አለች።

ፍርዷ አጭር ነበር። «ገመዱ ቶሎ ይላላል። እጀታው ይግላል። አትግዙ።» አንድ ጊዜ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ከነከረባቱ ምድር ቤት ወርዶ፣ «እመቤት፣ ለመሆኑ ካውያ እንዲህ አድርጎ የሚጥል ማነው?» ሲላት፣ «እናቴ» አለችው፤ «በሳምንት ሁለቴ። ይፈልጉ እንደሆነ ላስተዋውቅዎ።»

ሁሉንም የቻለ ዕቃ፣ ያውም ከስንት አንዴ ነው፣ ማኅተም ያገኛል። የመጽሔቱ ሠዓሊ የሣላት የራሷ ፊት ነበር፦ መነጽሯ፣ ሻሿ፣ የተቋጠረው ግንባሯ፤ ከሥሩ «ሰባሪዋ ያልሰበረችው» የሚል። ሥዕሉ ላይ አትስቅም። «ዕቃ እየፈተነ የሚስቅ ሰው አይታመንም» ብላ ሠዓሊውን ሁለቴ አስደምስሳዋለች።

ያ ዘመን እንከን አልነበረውም ብዬ አልዋሽም። መጽሔቱ አንድ ዳኛ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ ነበር። ፍርዱ ታትሞ እስኪወጣ ዕቃው ከሱቅ ጠፍቶ ሌላ ይተካል። ስለዚህ ወረቀቱ ቀርቶ ነገሩ ሁሉ ወደ ስልክ ሲገባ፣ ሰውም በገዛው ዕቃ ላይ ያየውን ራሱ መጻፍ ሲጀምር፣ ደስ አለኝ። እንዲያውም ተከራከርኳት፦ «እትዬ፣ በአንቺ አንድ ምስክር ፋንታ አሥር ሺህ ምስክር ተገኘ። ይህ እኮ የእውቀት ዴሞክራሲ ነው።»

«አንተ ፈላስፋ» አለችኝ፤ «አንድ ቀን የተጠቀሙበት አሥር ሺህ ሰዎች ቢደመሩ አንድ ዓመት የተጠቀመበት አንድ ሰው ይወጣቸዋል?»

ከዚያ ክርክር ዛሬ የቀረኝ ንዴት ብቻ ነው። ዕቃ እንዲናገር ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ገመድ ዛሬ ተገዝቶ ዛሬ አይላላም። ዛሬ ግን ዳኝነቱ የሚሰጠው ሳጥኑ ሲከፈት ነው። «ገና አልተጠቀምኩበትም፤ ግን በጣም ያምራል፤ አምስት ኮከብ» ይላል አንዱ። ይህ ሰው ምን መሰከረ? ያላየውን! ቀጣዩም እሱን አይቶ አምስት ይሰጣል፤ ከዚያ ቁጥሩ ራሱ ማስረጃ ይሆናል። እኔ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ሙግት ያመጣ ተማሪ ቢኖር ወረቀቱን እመልስለት ነበር። ገበያው ግን ይሸልመዋል።

መጽሔቱን በስልክ ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ገዛው። የሚሸጠውና የሚፈርደው አንድ ቤት ገቡ ማለት ነው። አዲሱን ኃላፊ፣ ኮከብ ከአፉ ስለማይጠፋ፣ እህቴ «ኮከቤ» አለችው። ደግ መሳይ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ወጣት ነው። ምድር ቤቱን ቀባው፣ መብራት ሰቀለበት፣ ካሜራ ፊት ሳጥን የምትከፍት ልጅ ቀጠረ። እህቴ ልጅቷን አንድ ቀን ቆማ አየቻት።

«የኔ ልጅ፣ መች መጣልሽ ይሄ?»

«አሁን ነው ማዘር! ትኩስ ነው!»

«ታዲያ ምኑን አይተሽ ነው ‹ጠንካራ› የምትዪው?»

«ድምፁን ስሚው» ብላ ልጅቷ ሳጥኑን በጥፍሯ ቆረቆረችው። ካርቶኑን!

እህቴ ያኔ ትታ መውጣት ትችል ነበር። ያልወጣችው በማኅተሙ ምክንያት ነው። እስካለሁ ድረስ ያልፈተንኩት ላይ ፊቴን አይለጥፉም ብላ አሰበች። ኮከቤም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ማዘር፣ ሙች! ያላየሽው ላይ አይወጣም» ብሎ ማለላት።

ከዚያ ካውያው መጣ። ኮከቤ ራሱ ነው ይዞት የወረደው፤ በአንድ የታወቀ ሱቅ ፌስታል አድርጎ። እህቴ ፌስታሉን አየች፣ አጣጥፋ ጠረጴዛው ጥግ አስቀመጠች፣ ሥራዋን ጀመረች። ለወራት አጋለችው፣ ጣለችው፣ ገመዱን በማሽኗ አስነከሰችው። ካውያው ሁሉንም ቻለ። ቤቴ መጥታ ስትነግረኝ ፊቷ በርቶ ነበር፦ «አየህ፣ አሁንም ሰው የሚሠራ አለ!» ማኅተሙን ሰጠች።

ከእሷ ቤት ሥር ልብስ ሰፊ አለ። ጎረቤት ብቻ አይደለም፤ ወንድም ማለት ነው፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ነበር በየቀኑ የሚያያት። ካውያ ሊለውጥ ሲያስብ ስልኩ ላይ ፊቷን አየ፣ አልጠየቃትም እንኳ፣ ገዛ። በሁለተኛው ሳምንት ሱሪ ሲተኩስ እጀታው ሥር ብልጭ አለና ገመዱ ተያያዘ፤ የቀለጠው ፕላስቲክ ቀኝ እጁ ላይ ተጣበቀ። ሱቁ አልተቃጠለም፤ የጨርቅ ክምሩ አጠገብ ውሃ ነበረ። ሁለቱ ጣቶቹ ግን ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም። መቀስ የሚይዙት ጣቶች ናቸው።

እህቴ ወደ ሱቅ ሮጠች። ያንኑ ካውያ፣ መጀመሪያ የሰጧትን፣ ገዝታ ምድር ቤት ወረደች፤ እሷ ፈትና ካሳለፈችው ጎን አስቀምጣ ሁለቱንም በመጋዝ ከፈለቻቸው። የፈተነችው ካውያ ገመድ ውስጡ ወፍራም መዳብ፤ የሱቁ እንደ ፀጉር የሳሳ። ሳጥኑ አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ ስሙ አንድ። የተከፈሉትን ሁለት ካውያዎች ታቅፋ ፎቅ ወጣች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ።

«ይሄን ከየት ነው ያመጣኸው?»

ኮከቤ አላፈረም። እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይኸው ነው። «ከፋብሪካ ተልኮልን ነዋ፣ ማዘር። ናሙና።»

«ፌስታሉስ?»

«ፌስታሉን እኔ ነኝ ያደረግኩት። ያለ ፌስታል አትቀበዪማ! ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው።»

እህቴ ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ዕድሜዋን ሙሉ ብረት አላመነችም፣ ፕላስቲክ አላመነችም፣ የሰው መሐላ አላመነችም፤ ፌስታል አመነች። ከሚጠነቀቅ ሰው በቀር በዚህ የሚታለል አልነበረም። ያጠመዷት በራሷ ጥንቃቄ ነው።

«የሰው እጅ ተቃጥሏል» አልኩት እኔ።

«ፋዘር፣ አዝናለሁ። ግን አራት ነጥብ ስምንት ኮከብ አለው እኮ! አንድ ሰው ነው ያጋጠመው።»

ያን ጊዜ ድምፄ ሕንጻውን ሞላው። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩትን ትዕግሥት እዚያ ምንጣፍ ላይ ጥዬው ወጣሁ። «አንድ ሰው! የአንተ እጅ ቢሆን ኖሮ በስንት ታካፍለው ነበር?» የጥበቃ ሠራተኞች መጡ፤ አንዱ የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ፣ አቀርቅሮ በሩን ከፈተልኝ።

እህቴ አልጮኸችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ፊቴን አንሱልኝ።»

«ማዘር፣ እሱማ የድርጅቱ ምልክት ነው። ሥዕል ነው እንጂ ፊት አይደለም» አላት።

ሥራውን በዚያው ቀን ለቀቀች። ጠበቃ አነጋገርን፤ እሱም ሥዕሉ መጽሔቱን የገዛው ድርጅት ንብረት ነው፣ ፊቷ ግን እዚያው እሷ ጋ አለ ብሎ ቀለደ። ስልክ ላይ ገብታ ራሷ ጻፈች፦ «ሰባሪዋ እኔ ነኝ። ይህን ካውያ አትግዙ።» ጽሑፏ በማግስቱ ጠፋ። ደግማ ጻፈች፤ «ቆንጆ ዕቃ ናት» በሚሉ አስተያየቶች ሥር ተቀበረ። አንዱ እንዲያውም፣ «አንቺ ደግሞ ሰባሪዋን አትሁኚ፣ እሷን እናውቃታለን» ብሎ መለሰላት። ሰባሪዋን ስለ ሰባሪዋ ሰደባት!

ልብስ ሰፊው በግራ እጁ መቁረጥ መማር ጀመረ። እህቴ በየቀኑ እየወረደች ትተኩስለታለች፤ በከሰል ካውያ።

«እታለም፣ ተዪው በቃ። አንቺ ምን አደረግሽ?» ይላታል።

«ፊቴ ነው የሸጠልህ።»

«ፊትሽማ ከእኔ ጋር ነው ያለው፤ ይኸው እያጉረመረመ።»

እሷ ግን አልሳቀችም። በየወሩ ወደዚያ ሕንጻ ትሄዳለች፤ በር ላይ ትቆማለች፤ ያንኑ ትጠይቃለች። አንድ ጊዜ ከላይ መልስ መጣ። ኮከቤ ጥያቄዋን «በጥሞና ተመልክተነዋል» አለ፤ ማኅተሙንም «አደሱት»። ግንባሯን ፈቱት። ከንፈሯን ወደ ላይ አጠፉት። ጥርስ ሣሉላት። ፊቴን አንሱ ብትል አሳቋት!

ያን ያየች ቀን እኔ ቤት መጥታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች፤ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ይቺን ሴትዮ እኔም አላምናትም» አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም፤ ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ሐኪሙ በራሱ ቋንቋ ይናገር፤ እኔ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ከሞተች በኋላ እኔ ሄድኩ። ልብስ ሰፊውም በማይታጠፉት ጣቶቹ ክንዴን ይዞ መጣ። ኮከቤ አድጎ ሌላ ፎቅ ወጥቷል፤ በእሱ ቦታ ሌላ ጫማው የሚያብለጨልጭ ተቀምጧል። «ፋዘር፣ ነፍስ ይማር፤ ሥዕሏ ግን ለእሷም መታሰቢያ ነው» አለን። ልብስ ሰፊው ትናንት ስልኩን አሳየኝ። የሕፃን ወተት ማሞቂያ ላይ ተለጥፋለች፤ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ። ማሞቂያውን አልነካችውም፤ ሲሠራ እሷ አፈር ውስጥ ነበረች። አንዲት እናት ዛሬ እዚያ ፊት ላይ ተማምና ሶኬቱን ትሰካለች።

የአንድ ሰው ዕድሜ ምን ይወጣዋል ብዬ ነበር። የእህቴን እኔ ልደምረው አልቻልኩም፤ እነሱ ግን አምስት ኮከብ ሰጥተውታል።

መጨረሻ ላይ፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ ከጠየቀችው ላይ ራሷ ቀንሳ ነበር። ፊቴን አንሱልኝ ማለቱን ተወችው፤ እንደማያነሱት ገብቷት ነበር። እጄን ይዛ፣ «አንተ ሂድና ንገርልኝ» አለችኝ፤ «ፊቴን እንኳ ባያነሱ፣ ሳቁን ያጥፉልኝ።»

ነገርኳቸው። አላጠፉትም።