ባሱንዳ ኬላ ላይ ያነበብሁት

ይህ ንባብ ያስከፈለኝ ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን ምን አላት እንዳትሉ፤ በዚያ የረሃብ ዘመን ረጅም ነበረች።

እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ለስደተኛ ጎልማሶች የማታ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። መምህራችን «በቅርቡ ያነበባችሁትንና የተሰማችሁን ጻፉ» አለን። እኔ ቀን ለውዝ እሸጣለሁ፣ ማታ ፊደል እቆጥራለሁ። ያነበብሁት አንድ መጽሐፍ ብቻ ስለሆነ ምርጫ አላስቸገረኝም።

ሰው ስደቱን ሲያወራ ከውድቅት ይጀምራል። እኔ ከመተማ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ ነው። ጎተራው ባዶ ሲሆን ባለቤቴ እናኑ «ሳይከረም ማሽላ ይዘህ ና። ወሬ እንዳታመጣልኝ፣ ወሬ እዚህም ሞልቷል» አለችኝ። ገዳሪፍ እህል ተወደደ እንጂ አልጠፋም። ኪስራ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ እንጀራ መስሎኝ ተሽቀዳድሜ ብገልጠው እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ዓይን የሚባል የሌለው። እሱን እየበላሁ ለፍቼ አንድ ጆንያ ማሽላ ገዛሁ።

ለለውዝ መጠቅለያ ከገዛሁት አሮጌ ወረቀት መሀል ደግሞ ሽፋን የሌለው የአማርኛ መጽሐፍ ወጣ። ልቀድደው ስል የመጀመሪያዋን መስመር አነበብኋት። ሚስቱን «ነገ እመጣለሁ» ብሏት ከተማ የገባ ሰው ታሪክ ነው። በቃ፣ እጄ አልቀደደውም። ወደ አገሬ ስነሳ ከማሽላው ጋር ከተትሁት።

ባሱንዳ ኬላ ላይ የተሳፈርሁበትን የጭነት መኪና አስቆሙት። የሚፈልጉት የፖለቲካ ወረቀት ኖሯል። የኬላው መኮንን «ያ ሐበሺ፣ ኪታብ አለህ?» አለኝ።

አንገቴን ገልጬ አሳየሁት። «ኧረ ጀናቡ፣ በማርያም! እኔ ክታብ አላስርም፤ ቆራቢ ሰው ነኝ።»

ጆንያውን ሲፈትሽ መጽሐፉ ወጣ። ለካ በእነሱ ቋንቋ ኪታብ መጽሐፍ ነው! የገበያውን ዓረብኛ አውቃለሁ፤ ገበያ ላይ ግን መጽሐፍ የሚጠይቅ አልገጠመኝም።

«ዋሸኸኝ። ፖለቲካ ነው።»

«የባልና ሚስት ነገር ነው፣ ጀናቡ።»

«እሱም ፖለቲካ ነው። አንብብልኝ።»

መኪናው ጥሎኝ ሄደ። ፊደል በፊደል እየዳከርሁ፣ ወደ ዓረብኛ እየገለበጥሁ ማንበብ ጀመርሁ። የመኮንኑም ሚስት ከሰላ ከተማ ናት፤ ዓመት ሙሉ አላያትም። ሻይ እየቀዳልኝ «ወበዕዴን? ከዚያስ?» ይለኛል። የመጽሐፉ ሰውዬ አንዴ ዝናብ፣ አንዴ ወዳጅ ያዘኝ እያለ ይዘገያል።

«ይሄ አህያ ለምን ቤቱ አይሄድም?» ብሎ ተቆጣ መኮንኑ።

«እኔስ ለምን አልሄድም፣ ጀናቡ?»

«አንተማ ገና አልጨረስህም!»

እውነቱን ልጻፈው። ነጋዴ ነኝ፤ ባልዋሽ እንኳ ማሳጠር አያቅተኝም። በመጀመሪያው ቀን «ሰውየው ቤቱ ገባ፣ አለቀ» ብለው ኖሮ ይለቀኝ ነበር። አላልሁም። «ከዚያስ» የሚለው ነገር እኔንም ይዞኝ ነበር። የራሴ ሚስት ደጅ ደጁን እያየች፣ እኔ የሌላ ሰው ሚስት ምን ሆና ይሆን እያልሁ ገጽ እገልጥ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ሲጠቁር ባነንሁ። ገና ብዙ ገጽ እየቀረ «ተመለሰ፤ ሚስቱም እግሩን አጠበችው» ብዬ ዘጋሁት። መኮንኑ ዓይኑን ጠረገና «አልሐምዱሊላህ! በል ሂድ» ብሎ ዕቃዬን መለሰልኝ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። የዚያ አገር ጥቁር አፈር ሲርስ መኪና ይውጣል። ከማሽላው የሚበዛውን ኬላው ላይ ትቼ፣ የቻልሁትን ያህል ብቻ ተሸክሜ በእግሬ መተማ ገባሁ።

ቤቱ ክፍት ነበር። ጎረቤታችን «ወንድሜ፣ ትናንት ከሰው ጋር ወደ ሱዳን ወጣች። ጠብቃ ጠብቃህ፣ ፍለጋህን ነው» አለችኝ። በየትኛው መንገድ እንደሄዱ አታውቅም።

ወደ ሱዳን ተመልሼ መፋዛ መጠለያ ጠየቅሁ። ከሰላ ጠየቅሁ። ከየመጠለያው የሚመጣ መኪና በቆመ ቁጥር ለውዜን ጥዬ እሮጣለሁ፤ «እናኑ የምትባል፣ የመተማ ሴት?» እላለሁ። እናንተም አይታችኋት እንደሆነ ገዳሪፍ ገበያ አለ በሏት።

የቀሩትን ገጾች ኋላ አነበብኋቸው። ሰውየው አልተመለሰም። መጽሐፉን ጨርሻለሁ፤ እናኑን አላገኘኋትም።