ሊያዎ ቶንግ ባሕር የወጣ ዕለት

ሊያዎ ቶንግ አርባ አንድ መርከብ ሠርቷል፤ አንዱንም ተሳፍሮ አያውቅም። በቻይና፣ በፉጂያን ጠረፍ፣ በሺዙዊ ወደብ ተወልዶ ስድሳ ሦስት ዓመት እስኪሞላው፣ ልጅ ሳለ አንዴ ከመውጣቱ በቀር፣ ከወደቡ አፍ ወዲያ ያለውን ውሃ ያየው ከኮረብታ ላይ ሆኖ ብቻ ነው። ምክንያቱን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ እግሩ ጀልባ ሲረግጥ ሆዱ ይገለበጣል። ልጅ ሳለ አባቱ ባሕር ይዞት ወጥቶ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስመልስ ቢያየው፣ "ይኼስ ዓሣ ይቀልብ እንደሆን እንጂ አያጠምድም" ብሎ ለአናጢ አስረከበው።

እንጨት ግን ይታዘዘው ነበር። ንድፍ ወረቀት ላይ አስፍሮ አያውቅም፤ ልኩ ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ሳንቃውን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ ጆሮውን ይደቅናል፤ ድምፁ ካልጣመው "ይኼ ለበር ይሁን" ብሎ ይወረውረዋል። የመርከቧን ሆድ በወፋፍራም ግድግዳ ይከፋፍለዋል፤ አንዱ ክፍል ቢቀደድ ውሃው እዚያው ታስሮ ይቀራል። ሞተር ገና ባልመጣበት በዚያ ዘመን የሺዙዊ ሰው እንጀራ በነፋስና በሊያዎ እጅ ላይ ነበር።

አርባ ሁለተኛዋን የሠራው ለሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ለካፒቴን ኬ ሁዎ ነው። በጸደይ ቢጫው ዓሣ ሲመጣ መርከቦቹ ሁሉ በአንድ ጠዋት ይነሣሉ፤ ዓሣው የሚሰበሰብባት ደሴት ጋ ቀድሞ መልሕቅ የጣለ ምርጡን ቦታ ይይዛል። በዚያ ጠዋት ሊያዎ በአዲሷ መርከብ አፍንጫ ላይ፣ መንገዷን እንድታይ እንደ ወጉ ሁለት ዓይኖች ቀብቶ ሲጨርስ፣ ከማዶ የመጣው ተፎካካሪው መርከብ ሠሪ ፓን ከሕዝቡ መሐል ጮኸ፦

"የሠራውን ወጥ የማይቀምስ ወጥ ሠሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያውላችሁ!"

ወደቡ በሳቅ ተናጋ። ሊያዎ የቀለም ብሩሹን ጣለና መወጣጫውን ረገጠ።

"አንተ ሰው፣ አብደሃል?" አለች ሚስቱ ቹንሺ። "ቁርስህ ገና ከጉሮሮህ አልወረደም!"

"እንግዲያው ለመውጣት መንገዱ አጭር ነው" አላት፤ ወጣ።

ቀርከሃ የተሰካበት ቡናማ ሸራ ተንጓጓ፤ ነፋሱ ወጠረው፤ መርከቧ ልጓም እንዳጣ ፈረስ ዘለለች። ሊያዎ ምሰሶውን አቅፎ ቁርሱንም የማታ እራቱንም ለባሕር ሰጠ። መርከበኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሱ ግን በሁለት ትፋት መካከል አንድ ነገር ገረመው፤ ባዶ እግሩ ሥር መርከቧ ትተነፍሳለች! እያንዳንዱን ሳንቃ በእግሩ ያውቀው ጀመር።

የፓን መርከብ ግን ቀድማለች። ከፊታቸው ሰዎች የላም ጀርባ የሚሉት ረጅም የአሸዋ ክምር አለ፤ ሁሉም ዞሮት ነው የሚያልፈው። ሊያዎ አፉን በእጅጌው ጠረገ።

"ሁዎ! የመሪውን ሳንቃ ወደ ላይ ሳቡት፤ በአሸዋው ላይ እናልፋለን!"

"አማቼ፣ የእኅቴን ባል ብዬ ባከብርዎ ሊያሰጥሙኝ ነው?" አለ ካፒቴኑ።

"ሆዷን የጠረብኩት እኔ ነኝ! ባሕሩ ሞልቷል፤ ስንት ክንድ ውሃ እንደሚበቃት እኔን ነው የምትጠይቀው። ሳበው!"

ሁዎ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ገለጠና "ሳቡት!" አለ። አራት ሰዎች ገመዱ ላይ ተንጠለጠሉ፤ ከመርከቧ ኋላ ጠልቆ የነበረው ትልቁ የመሪ ሳንቃ እየጮኸ ከውሃው ወጣ። ሊያዎ ሰዎቹን ሁሉ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እያሯሯጠ በክብደታቸው መርከቧን አቃናት። ከሥራቸው አሸዋው ቅርርርር አለ። አንድ ሳንቃ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ።

"ውሃ! ሦስተኛው ክፍል ውሃ ገባ!" ብሎ ጮኸ አንድ መርከበኛ ከታች።

"ይግባ! ከዚያ አያልፍም!" አለ ሊያዎ፤ ወርዶም ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ከወዲያ ውሃው ይንቦጫረቃል፤ ከወዲህ አንዲት ጠብታ የለችም። ሽማግሌው እንደ ሕፃን ጨፈረ።

ከአሸዋው ወዲያ መሪውን ሲጥሉ የፓን መርከብ ከኋላቸው ነበረች። ደሴቲቱ ጋ መልሕቃቸው ቀድሞ ጠለቀ። መርከበኞቹ ሊያዎን ተሸክመው ወደ ላይ ወረወሩት፤ "ተዉኝ እናንተ፣ ደግሞ ላስመልስ ነው!" እያለ ጮኸ፤ እውነቱን ነበር።

ሲመለሱ ፓን ወደቡ ላይ ጠብቆት፣ ውሃ የሞላውን ክፍል ካየ በኋላ ሳይቀልድ፣ "ግድግዳውን እንዴት ነው የምታጣብቀው?" አለው። ሊያዎም እጁን ይዞ ወደ አናጢ ዳሱ ወሰደው፤ ቀዳዳ የሚደፍኑበትን ኖራና የእንጨት ዘይት አብረው ወቀጡ።

ከዚያ በኋላ ሊያዎ ሰባት መርከቦች ሠራ። ሰባቱንም በመጀመሪያ ጉዟቸው ተሳፈራቸው፤ ሰባቱም ላይ አስመለሰ።